ከጽሑፍ ጀርባ የሚቀመጥ ምስል ጽሑፉን እንዳይውጠው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ድረ-ገጽ አሠራር ለጀማሪዎች የሚጻፉ ትምህርቶች የገጽን አንድ ክፍል በጀርባ ምስል ማስዋብን አብዛኛውን ጊዜ በሦስት መስመር ይጨርሱታል፤ የምስሉን አድራሻ ስጥ፣ መጠኑን «ከቨር» (ክፍሉን ሙሉ የሚሸፍን) በል፣ ቦታውን «ሴንተር» (መሃል) አድርግ፣ አለቀ። ሦስቱም መስመሮች ስህተት የለባቸውም። ነገር ግን በእነሱ ብቻ የተሠራ ክፍል በሠሪው ሰፊ ስክሪን ላይ አምሮ ይታይና ስልክ ላይ ሲከፈት የምስሉ ዋና ነገር ተቆርጦ ይቀራል። ኔትወርክ ሲዘገይ ደግሞ ነጩ ጽሑፍ በነጭ ገጽ ላይ ይጠፋል። በቴክኖሎጂ አምዳችሁ ይህን ጉዳይ ስታነሱ ቀሪው ግማሽም አብሮ እንዲወጣ ስለምንፈልግ ይህን ጽፈናል። አቋማችን አንድ ነው፤ የጀርባ ምስል ጌጥ ነው፣ ጌጡ ቢወልቅም ክፍሉ ሙሉ ሆኖ መነበብ አለበት።

ስለዚህ ከኮዱ በፊት የሚወሰነው ምስሉ ጀርባ ላይ መቀመጥ ይገባዋል ወይ የሚለው ነው። የገጹን መልክ በሚወስነው በሲኤስኤስ ቋንቋ የገባ ምስል አማራጭ ጽሑፍ፣ ማለትም ምስሉን በቃላት የሚገልጽ ጽሑፍ፣ አይይዝም። ለዓይነ ስውራን ገጹን ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም እንደሌለ ቆጥሮት ያልፋል። ምስሉ ሲነሳ አንባቢው አንዳች መረጃ የሚያጣ ከሆነ፣ ማለትም የዜና ፎቶ፣ የዕቃ ፎቶ፣ ካርታ ወይም ሠንጠረዥ ከሆነ፣ ቦታው የገጹ ይዘት በሚጻፍበት በኤችቲኤምኤል ውስጥ፣ ምስል በሚያስገባው በ«አይኤምጂ» ታግ ከነአማራጭ ጽሑፉ ነው። እንደ ጀርባ ምስል ሣጥኑን ሞልቶ ትርፉ እንዲቆረጥ ከተፈለገም ለታጉ «ኦብጀክት-ፊት» የሚባለውን ትእዛዝ «ከቨር» ብሎ መስጠት ያንኑ ሥራ ይሠራል። ከሁሉ የከፋው ርዕስን ወይም ማስታወቂያን ምስሉ ውስጥ ጽፎ ጀርባ ላይ መለጠፍ ነው። ስክሪኑ ሲጠብ ፊደሎቹ ይቆረጣሉ ወይም ይኮሰምናሉ፣ በፍለጋ አይገኙም፣ የትርጉም ፕሮግራም አያያቸውም፣ አንባቢው ፊደል ሲያሳድግም አብረው አያድጉም።

ሲኤስኤስ የመጀመሪያ ደረጃው እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር በዲሴምበር 1996 ሲጸድቅ የጀርባ ቀለም፣ የጀርባ ምስል፣ ድግግሞሹ፣ ቦታውና ከገጹ ጋር መንቀሳቀሱ ተካተው ነበር። መጠኑን የሚወስነው «ባክግራውንድ-ሳይዝ» ግን አልነበረም፤ የመጣው በሦስተኛው ደረጃ ነው። ይህን የምናነሳው ነባሪው ጠባይ ዛሬም የያኔው ስለሆነ ነው። ምንም ካልተባለ ምስሉ በራሱ መጠን ከላይ ከግራ ጥግ ይጀምርና በአግድምም በቁመትም ይደጋገማል። ትልቅ ፎቶ ሲገባ የሰማይ ቁራጭ ብቻ የሚታየው፣ ትንሽ አርማ ሲገባ ደግሞ እንደ ግድግዳ ወረቀት የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው።

ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያታክተው «ምስሉ አይታይም» የሚለው ነው። ቀድሞ የሚፈተሸው የክፍሉ ቁመት ነው። የጀርባ ምስል ለሣጥኑ ቁመት አይሰጥም። በውስጡ ምንም የሌለበት ሣጥን ቁመቱ ዜሮ ስለሆነ የሚሳልበት ቦታ የለም። መፍትሔው «ሚን-ሃይት» (ዝቅተኛ ቁመት) ወይም ከላይና ከታች «ፓዲንግ» (የውስጥ ክፍተት) መስጠት ነው። በ«ሃይት» (ቋሚ ቁመት) መቆለፍን አንመክርም፤ አንባቢው ፊደሉን 200 በመቶ ሲያሳድግ ጽሑፉ ከሣጥኑ አምልጦ ከሥር ባለው ክፍል ላይ ይፈሳል። ሙሉ ስክሪን የሚሞላ ክፍል ሲፈለግ ደግሞ 100 «ቪኤች»፣ ማለትም የስክሪኑ ቁመት 100 በመቶ፣ ስልክ ላይ ያሳስታል። የአድራሻው መስመር ሲታይ ይህ ልክ ከሚታየው ቦታ ይበልጣል፤ የክፍሉ ግርጌ፣ ብዙ ጊዜም አንባቢው ሊጫነው የሚገባው ቁልፍ፣ ከስክሪኑ ሥር ይደበቃል። በመጀመሪያው መስመር 100 ቪኤች፣ በቀጣዩ የአድራሻው መስመር ሲታይ የሚቀረውን ቁመት በሚለካው «ኤስቪኤች» 100 ብሎ መጻፍ ይበቃል። አዲሱን መለኪያ የማያውቅ ብራውዘር ሁለተኛውን መስመር ዘሎ በመጀመሪያው ይሠራል።

ቁመቱ ደህና ከሆነ ወደ አድራሻው ነው። በሲኤስኤስ ፋይል ውስጥ የተጻፈ አንጻራዊ አድራሻ የሚቆጠረው ሲኤስኤስ ፋይሉ ካለበት ፎልደር ተነስቶ ነው እንጂ ከኤችቲኤምኤሉ አይደለም። ስለዚህ ሲኤስኤሱ በአንድ ፎልደር፣ ምስሎቹ ከጎኑ ባለ ሌላ ፎልደር ከሆኑ አድራሻው በሁለት ተከታታይ የላቲን ነጥቦችና በእዝባር (../) አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወጥቶ መጀመር አለበት። በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ይታይ የነበረው ምስል ሰርቨር ላይ ሲወጣ ከጠፋ በፋይሉ ስም ውስጥ ያሉት ትልልቅና ትንንሽ የላቲን ፊደላት ይመሳከሩ፤ ሊነክስ እንደተለያዩ ስሞች ያያቸዋል፣ ዊንዶውስ ግን አይለያቸውም። በስሙ ውስጥ ክፍት ቦታ ወይም ቅንፍ ካለ አድራሻው በትእምርተ ጥቅስ ይታጠር። በግምት ከመድከም የብራውዘሩን የገንቢ መሣሪያ ከፍቶ «ኔትወርክ» የሚለውን ማየት ይሻላል። ምስሉ ከነጭርሱ ካልተጠየቀ ችግሩ ያለው ሲኤስኤሱ ላይ ነው። ተጠይቆ 404 (አልተገኘም) ከመለሰ አድራሻው ተሳስቷል። 200 (ተገኝቷል) መልሶ ካልታየ ደግሞ ወይ ቁመት የለም፣ ወይ ከውስጥ ያለ ኤለመንት በራሱ ቀለም ጋርዶታል።

አንድ ስህተት ለብቻው መነሳት አለበት፤ ኮዱ ፍጹም ትክክል መስሎ ሰዓታት ይበላል። «ባክግራውንድ» የሚለው አጭር ትእዛዝ የጠቀሰውን ብቻ አያስቀምጥም፣ ያልጠቀሰውን ሁሉ ወደ ነባሪው ይመልሳል። ከላይ «ባክግራውንድ-ሳይዝ» ከቨር ተብሎ ከሥሩ «ባክግራውንድ» በሚል ትእዛዝ የምስሉ አድራሻ ቢጻፍ ከቨር ይሰረዛል። ይኸው ነገር ለስልክ ሌላ ምስል ሲቀየር ይደገማል፤ እንደ ስክሪኑ ወርድ ሌላ ትእዛዝ በሚሰጥበት በሚዲያ ኩዌሪው ውስጥ በአጭሩ ትእዛዝ አዲስ አድራሻ ሲሰጥ መጠኑም፣ ቦታውም፣ ከሥር የነበረው ቀለምም አብረው ይሄዳሉ። እዚያ ቦታ መጻፍ ያለበት «ባክግራውንድ-ኢሜጅ» ብቻ ነው። አጭሩን ትእዛዝ መጠቀም የወደደ ሰው መጠኑን ከቦታው ቀጥሎ፣ በመካከላቸው እዝባር አድርጎ ይጻፍ፤ እዝባሩ ከቀረ ብራውዘሩ መስመሩን በሙሉ ይጥለዋል።

አሁን ወደ «ከቨር» እንመለስ፤ የሚቆረጠው ምን ያህል እንደሆነ አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። ወርዱ 1600፣ ቁመቱ 1200 ፒክስል የሆነ ምስል ወርዱ 1200፣ ቁመቱ 500 በሆነ ክፍል ውስጥ ይግባ እንበል። ብራውዘሩ ወርድን ለወርድ፣ ቁመትን ለቁመት ያካፍላል፤ 1200 ለ1600 ሲካፈል 0.75፣ 500 ለ1200 ሲካፈል 0.42 ገደማ ይሆናል። «ከቨር» ከሁለቱ ትልቁን ይወስዳል፣ ምስሉን ሳይቆርጥ የሚያስገባው «ኮንቴይን» ትንሹን። በ0.75 ሲባዛ ምስሉ 1200 በ900 ይሆናል፤ በአግድም ልክ ነው፣ በቁመት 400 ፒክስል ይተርፋል። ቦታው «ሴንተር» ከሆነ 200 ከላይ፣ 200 ከታች ይቆረጣል።

ያው ምስል ወርዱ 360፣ ቁመቱ 640 በሆነ የስልክ ክፍል ውስጥ ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። አሁን ትልቁ ውጤት የቁመቱ ነው፣ 0.533። ምስሉ 853 በ640 ይሆንና በአግድም 493 ፒክስል ይተርፋል። በ«ሴንተር» ከግራም ከቀኝም 246 ገደማ ይሄዳል፤ ከምስሉ ወርድ የሚታየው 42 በመቶ ብቻ ነው። በምስሉ ላይ ከግራ አንድ አራተኛ ላይ የቆመ ሰው በዚህ ልኬት 213ኛው ፒክስል ላይ ነው፤ ስለዚህ ከነጭርሱ አይታይም።

መድኃኒቱ በቦታው ቁጥር ውስጥ አለ። በመቶኛ የሚሰጥ ቦታ የሚቆጠረው ከትርፉ ላይ ነው። አግድሙ 20 በመቶ ሲሆን ከ493ቱ 20 በመቶ፣ ማለትም 99 ገደማ ብቻ ከግራ ይቆረጣል፤ ያ ሰው በስክሪኑ 114ኛ ፒክስል ላይ ብቅ ይላል። ሰፊ ስክሪን ላይ ደግሞ በአግድም ትርፍ ስለሌለ 20 በመቶው ምንም አያደርግም፤ የሚሠራው ሁለተኛው፣ የቁመቱ ቁጥር ነው። ስለዚህ «20 በመቶ 40 በመቶ» የሚል አንድ መስመር ለሁለቱም ይበቃል፤ ስልኩ የመጀመሪያውን፣ ሰፊው ስክሪን ሁለተኛውን ይጠቀማል። «መቶኛውን ብቀይረውም ምስሉ አይንቀሳቀስም» የሚለው የተለመደ አቤቱታም ከዚህ የመጣ ነው፤ በዚያ አቅጣጫ ትርፍ የለም።

ጽሑፉ ረዝሞ የስልኩ ክፍል 1200 ፒክስል ቁመት ከደረሰ ግን ቁጥር ማስተካከል አያድንም። ምስሉ ሙሉ መጠኑን ይይዝና ከወርዱ 22.5 በመቶ ብቻ ይታያል፤ አንዱን ነጥብ በሦስት በሚያባዛ የስልክ ስክሪን ላይ ደግሞ ይደበዝዛል። ያኔ ለጠባብ ስክሪን ቁመቱ የሚበልጥ ሌላ ምስል ማዘጋጀት ግድ ነው። ሁለቱ ምስሎች በማይገጣጠሙ ሁለት ሚዲያ ኩዌሪዎች ውስጥ ከተቀመጡ ብራውዘሩ የሚስማማውን ብቻ ነው የሚያወርደው።

ቀጥሎ የጽሑፉ ንባብ አለ፤ ብዙ ገጾች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። የድረ-ገጽ ተደራሽነት መመሪያው ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1፣ ለትልቅ ጽሑፍ 3 ለ1 የብርሃን ንፅፅር ይጠይቃል። ትልቅ የሚባለው ከ24 ፒክስል ጀምሮ፣ ደማቅ ከሆነ ከ18.7 ገደማ ጀምሮ ነው። ፎቶ ውስጥ ግን አንዱ ጥግ ጥቁር፣ ሌላው ነጭ ነው፤ ስለዚህ የሚሰላው ለከፋው ነጥብ፣ ለሙሉ ነጭ ነው። በነጭ ላይ 50 በመቶ ጥቁር ሽፋን ሲደረብ ከሥሩ የሚታየው ግራጫ፣ ጥቁር 0 ነጭ 255 በሚባልበት ልክ፣ 128 ገደማ ይሆናል፤ ነጭ ፊደል በእሱ ላይ 3.95 ለ1 ብቻ ያገኛል፣ አያልፍም። በ55 በመቶ 4.7፣ በ60 በመቶ 5.7 ይደርሳል። ምስሉ ወደፊት በሌላ ሰው ሊቀየር የሚችል ከሆነ 60 በመቶ ላይ መቆም ይሻላል፤ ከ55 መውረድ ግን የለበትም።

ይህ ሽፋን በ«ባክግራውንድ-ከለር» አይሠራም፤ የጀርባ ቀለም ሁልጊዜ ከምስሎቹ ሁሉ ሥር ነው የሚቀባው። መንገዱ ከአንድ ቀለም ወደዚያው ቀለም የሚሄድ «ሊኒየር-ግራዲየንት» (የቀለም ሽግግር) ጽፎ ከኮማ በኋላ የፎቶውን አድራሻ ማስከተል ነው። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ ቀድሞ የተጻፈው ከላይ ይሆናል። ፎቶው ቀድሞ ከተጻፈ ሽፋኑ ከኋላው ተደብቆ ይቀራል። በግራዲየንቱ ውስጥ አንዲት ቅንፍ ከጎደለች ደግሞ ፎቶውም አብሮ ይጠፋል። ጽሑፉ ባለበት ጎን ብቻ እንዲጠቁር ግራዲየንቱን ከግራ ወደ ቀኝ ማሳሳት ያምራል፤ ሆኖም ስልክ ላይ ጽሑፉ ወርዱን ሁሉ ስለሚይዝ እዚያ አቅጣጫው ከላይ ወደ ታች ይዙር፣ ወይም ሽፋኑ እኩል ይሁን።

ከሥር ያለው የጀርባ ቀለም ታዲያ ምን ያደርጋል? ዋናው መድን እሱ ነው። ምስሉ እስኪደርስ፣ ወይም ጭራሽ ካልደረሰ፣ ነጩን ጽሑፍ የሚሸከመው እሱ ብቻ ነው። ከፎቶው ጨለማ ክፍል የተቀዳ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ጥቁር ቡናማ ቢሆን ምስሉ ሲመጣም ዓይን አይደነግጥም።

ምስሉን ለማደብዘዝ ብለው ክፍሉ ላይ «ኦፓሲቲ» የሚጽፉ አሉ፤ እሱ ጽሑፉንም ቁልፉንም አብሮ ያደበዝዛል። ልጅ ኤለመንቱ ላይ «ኦፓሲቲ 1» መጻፍም አይመልሰውም። ፎቶውን ብቻ ማሳሳት ወይም በ«ፊልተር» ማደብዘዝ ከተፈለገ ምስሉ ወደ «ቢፎር» ሱዶ-ኤለመንት፣ ማለትም ሲኤስኤሱ ራሱ በክፍሉ ውስጥ ወደሚፈጥረው ተጨማሪ ሣጥን፣ ይዛወር። ክፍሉ «ፖዚሽን ሪላቲቭ» እና «አይሶሌሽን አይሶሌት» ይያዝ፤ ሱዶ-ኤለመንቱ ባዶ «ኮንተንት»፣ «ፖዚሽን አብሶሉት»፣ «ኢንሴት 0» እና «ዚ-ኢንዴክስ» ነጌቲቭ 1 ይሰጠው። ባዶዋ «ኮንተንት» ከተረሳች ምንም አይታይም። «አይሶሌሽን» ከተረሳ ደግሞ ምስሉ ከወላጁ ቀለም ጀርባ ወርዶ ሊሰወር ይችላል። ድብዘዛው ጠርዝ ላይ ፍዝ መስመር ስለሚተው «ኢንሴት» ከዜሮ በታች፣ ለምሳሌ ነጌቲቭ 20 ፒክስል ሆኖ ክፍሉ «ኦቨርፍሎው ሂደን» ይሁን።

ገጹ ሲንሸራተት ምስሉ ቆሞ እንዲቀር «ባክግራውንድ-አታችመንት» ላይ «ፊክስድ» ማለትን በተመለከተ አጭር ነገር እንበል፤ ባይደረግ ይሻላል። ያኔ «ከቨር» የሚሰላው በክፍሉ ሳይሆን በጠቅላላው መስኮት ልክ ስለሚሆን ከላይ ያሰላነው ቁጥር ሁሉ ይፈርሳል። የአይፎን ብራውዘር በትክክል አይደግፈውም፤ ምስሉ ከልክ በላይ ጎልቶ ደብዝዞ የሚታይበት ጊዜ አለ። ከወላጆቹ አንዱ «ትራንስፎርም» ካለውም ትእዛዙ ዝም ብሎ ይከሽፋል። እንቅስቃሴ የሚያዞራቸው አንባቢዎች መኖራቸውም አይዘንጋ።

ክብደቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ከካሜራ እንደወጣ የተለጠፈ 6000 በ4000 ፒክስል ፎቶ ፋይሉ ምንም ያህል ቢጨመቅ ብራውዘሩ ሲፈታው ለእያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ይይዛል፤ 96 ሚሊዮን ባይት የመሣሪያው ሜሞሪ ማለት ነው። ወደ 1920 በ1280 ቢወርድ ከ10 ሚሊዮን በታች ይሆናል። ለሰፊ ስክሪን 1920 ፒክስል ወርድ፣ ለስልክ 800 ገደማ፣ ዌብፒ ወይም አቪፍ በሚባሉ አዳዲስ የምስል ፋይል ዓይነቶች ተጨምቆ ከ200 ኪሎባይት በታች እንዲሆን እንመክራለን። ጥቁር ሽፋን የሚደረብበት ፎቶ ከወትሮው በላይ ቢጨመቅም ጉዳቱ አይታይም፤ ሽፋኑ ይደብቀዋል። ለአሮጌ ብራውዘሮች ጄፔጉን በአንድ መስመር ጽፎ በቀጣዩ መስመር በ«ኢሜጅ-ሴት» አዲሶቹን ዓይነቶች መደርደር ይቻላል።

ትንሽ ፋይልም ቢሆን ዘግይቶ ይደርሳል፣ ምክንያቱም ብራውዘሩ ኤችቲኤምኤሉን ገና ሲያነብ የ«አይኤምጂ» ታጎችን አስቀድሞ ለቅሞ ማውረድ ይጀምራል። የጀርባ ምስልን ግን የሚያገኘው ሲኤስኤሱ ወርዶ የትኛው ኤለመንት እንደሚታይ ከታወቀ በኋላ ነው። በገጹ አናት ላይ ያለ ትልቅ የጀርባ ምስል የገጹን ትልቁን ይዘት የመታያ ጊዜ ያዘገያል፤ ጥሩ የሚባለው እስከ 2.5 ሰከንድ ነው። በኤችቲኤምኤሉ ራስጌ ላይ «ፕሪሎድ» የሚል ሊንክ አክሎ ለምስሉ ከፍተኛ ቅድሚያ መስጠት ይረዳል። ከታች ላሉት ክፍሎች ደግሞ የ«አይኤምጂ» ታግ የሚያውቀው «ሌዚ» የሚባለው ማዘግያ እዚህ የለም፤ ክፍሉ ወደ እይታ ሲቀርብ ክላስ በሚጨምር አጭር ጃቫስክሪፕት ይተካል።

አብዛኞቹ ብራውዘሮች ሲያትሙ የጀርባ ምስልና ቀለም በነባሪ ይተዋሉ፤ ስለዚህ ለኅትመት በተለየው ስታይል ውስጥ የጽሑፉ ቀለም ጥቁር ይደረግ።

በአምዱ የኮድ ምሳሌ ሲወጣ ቢያንስ የጀርባ ቀለሟ መስመርና «ሚን-ሃይት» እንዳይቀሩ እንጠይቃለን፤ ከሥሩም ይህ ፈተና ይታከል። በገንቢ መሣሪያው የምስሉን ጥያቄ አግዶ ገጹን እንደገና መጫን፣ ወርዱን 360 ፒክስል ማድረግ፣ ፊደሉን 200 በመቶ ማሳደግ፣ የኅትመት ቅድመ እይታውን መክፈት። በአራቱም ጽሑፉ ከተነበበና ቁልፉ ከተገኘ ምስሉ ይመለስ።

ከአክብሮት ጋር፣
የድረ-ገጽ ሙያተኞች